የጣውላው ጀርባ

በአዲሱ ሜዳ በር፣ በነሐስ ሰሌዳ፣
አምስት ቀን ጽፈዋል ለመጪው እንግዳ፤
ቡድኑ የቆመበት፣ ዋንጫ የበላበት፣
ኩባንያ የገዛው፣ መብራት የገባበት፤
አምስተኛው ደግሞ ይኸው የዛሬው ነው፣
አሮጌው ፈራርሶ አዲሱ የቆመው።

ሽመሎች ይሉታል የሺራኦን ቡድን፤
ቤዝቦል ደሞዙ ነው። እኔ ግን አንድም ቀን
ዱላ ሰንዝሬ አላውቅ፣ ኳስ አልያዘም እጄ፤
መሰላል ነው ያለኝ የዕድሜ ልክ ወዳጄ።
ከውጤት ሰሌዳው ጀርባ ተሸጉጬ
ቁጥር ስሰቅል ኖርኩ፣ በቀዳዳ አፍጥጬ።

አለቃዬ ኢሶጂ፣ ጥርሱ የረገፈ፣
በየቁጥሩ ጀርባ በምስማር የጻፈ፣
ጽፎ በቆርቆሮ ለብጦ ቸነከረ፤
ከዝናብ ሊከልል መስሎኝ ነበረ።
ትናንት ሊፈርስ ሲል፣ በጉጠት ፈልቅቄ
እስኪነጋ አነበብኩ፣ በባትሪ አጮልቄ።
በእኛ አገር ወር ስም የለው፣ ቁጥር ነው እንጂ፤
ለዚህ ይሆናል ሥራው የተመቸው ለኢሶጂ።

በአንዱ ጀርባ፦ አራተኛው ወር፣ ዘጠነኛው ቀን።
ከባሕር የወጣ ጉም ሜዳውን አለበሰው፣
የተመታውን ኳስ ያየው የለም ሰው።
ከነጩ ጨለማ ናጋሚኔ ብቅ አለ፣
ኳሷን በጓንቱ ውስጥ እንደ ጫጩት ያዘለ።
«ከአየር ቀለብካት ወይስ ከሣር አነሳህ?»
ዳኛው ጠየቀው። «ንገረኝ፤ ማንም አላየህ።»
አንገቱን አቀርቅሮ «ከሣር» ሲል ተናዞ
ጨዋታው አመለጠን፣ አንድ ነጥብ ይዞ።
ምስማሩ የጫረው ሁለት ቃል ነው ብቻ፤
«ናጋሚኔ አልዋሸም።» ሙገሳ የለ ዛቻ።

በሰባቱ ጀርባ፣ በስምንተኛው ወር፣
አሥራ ሰባት ጊዜ ተከታትለን ስናፍር፣
ቆጠራቸው ኢሶጂ፦ አሥራ አንድ ተመልካች።
ትኬት ሻጯ ፉኪኮ መስኮቷን ዘጋች፣
ለራሷ አንድ ትኬት ቆርጣ ሸጠች፣
ከፍላ ገባችና ዝናቡ ውስጥ ተቀመጠች።
«ደርዘን ሞላን ዛሬ» ብሎ ነው የጻፈ፤
ውጤቱን ረስቶት፣ ወይ ሆን ብሎ አለፈ።

ከሦስቱ ጀርባ ቃል የለም፤ ስድስተኛው ወር፣ ሃያ አንድ።
ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የካንዞ ነው፣ የወርዋሪው ክንድ፤
እስከ መሰላላችን የተሰማ ስብራቱ
እንደ ደረቀ ግንድ።
በወሩ አየሁት ዓሣ ገበያ፣
በረዶ ሲጭን በእጁ በአንዱ።

ዋንጫውስ? ያ ነሐሱ በትልቁ የጻፈው?
አራቱ ሥር አገኘሁት፣ ዝገት ሊውጠው።
ይህ ጨዋታ ማለት፣ ላላወቀው ላስረዳ፣
ከቤት መውጣት ነው፤ ሦስት ጥግ ዞሮ ሜዳ
ቤት መመለስ ነው ልፋቱ።
ያን ማታ ሞሪሂሳ መታ፤ ሮጦም ቤት ገባ፣
ወደቡ በሙሉ ከደስታው አነባ።
የኢሶጂ ሚስት ያን ሰሞን አልጋ ላይ ነበረች።
የጻፈው ይህ ነው፦
«ሞሪሂሳ ቤት ገባ። እኔ ግን አልገባሁም።»
ከዚያ በታች ምስማሩ ጣውላውን በስቶታል።

ስድስትና ዘጠኝ አንድ ጣውላ ነበር፤
ሲገለበጥ ዘጠኝ፣ ሲቃና ስድስት ቁጥር።
የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ገና በሳምንቴ፣
በድንጋጤ ሰቀልኩት ገልብጬ በስህተቴ።
ስምንት ለስድስት ስንመራ፣ እየተዋረድን፣
ዘጠኝ አየ ሕዝቡ፤ ከበሮው ደነፋ፣ ባርኔጣ በተን።
ከዚያ ሳቅ። ከዚያ ፉጨት። የቡድኑ ኃላፊ
መሰላሉን ወጣ፣ «የታል ያ አጥፊ?»
ኢሶጂ በሩ ላይ ቆሞ ምን እንዳለው አልሰማሁም።
ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስላፈርኩ አልጠየቅሁም።
ይኸው ቆርቆሮው ሥር፣ ጽሑፉ የደቀቀ፣
አንድ መስመር፦
«ለአንድ ደቂቃ መራን። ልጁ ይቆይ።»

ጣውላዋን በብብቴ ይዤ ስወጣ በበር፣
ወጣቱ ዘበኛ «ምንድን ነው ይህ ቁጥር?
ዘጠኝ ነው ስድስት?» አለኝ፣ ሊመዘግብ።
«እንደ ያዥው ነው» አልኩት።
እሱም ግራ ገባው፤ አሳለፈኝ።